የአኩሪ አተር ዱቄት ጠረን እና ምርመራን የሚያሳስተው ቅባት

አኩሪ አተር በጥሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ጥሬ ባቄላ የሚመስል ጠረን ያመጣል። ፍሬው 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲንና 20 በመቶ ገደማ ዘይት የያዘ ቢሆንም፣ ዱቄቱን የቀመሰ ሸማች ፊቱን ካዞረ አቀነባባሪው ምርቱን ለመረከብ ያመነታል፤ ጉዳቱም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አርሶ አደሩ ላይ ነው።

የጠረኑ መነሻ በፍሬው ውስጥ ያለው ሊፖክሲጄኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ፍሬው ሳይፈጭ ኢንዛይሙና ዘይቱ ተለያይተው ይቀመጣሉ። ሲፈጭና ሲርስ ግን ይገናኛሉ። ኢንዛይሙ ከዘይቱ ግማሽ ያህሉን በሚይዘው ሊኖሌይክ አሲድ ላይ ኦክስጅን ይጨምርበታል፤ ከዚያ የሚፈጠረው ነገር ሲሰባበር ጠረኑን ይለቃል። ኢንዛይሙን በ1947 (እ.ኤ.አ) በንጹሕ ክሪስታል መልክ ያወጡት ስዊድናዊው ሁጎ ቴኦሬልና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

መፍትሔው ሙቀት ነው። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1967 (እ.ኤ.አ) ፍሬውን ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ውሃ መፍጨት ጠረኑን እንደሚከላከል አሳይተዋል። ነገሩ ለእናቶች እንግዳ አይደለም፤ የሽሮ እህል ሳይታመስ አይፈጭም። ጥያቄው ምን ያህል ሙቀት የሚለው ነው። ሲያንስ ኢንዛይሙ ይተርፋል፤ ሲበዛ ማገዶ ይባክናል፣ ፕሮቲኑም ይጎዳል። ስለዚህ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

በላቦራቶሪ ከዱቄቱ የወጣው ኢንዛይም ሊኖሌይክ አሲድ ከገባበት ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያም ለውጡ ምን ያህል እንደፈጠነ 234 ናኖሜትር በሆነ ጨረር ይለካል። ችግሩ ያለው ቅባቱ ውሃ ውስጥ በሚያሳየው ጠባይ ላይ ነው።

ሊኖሌይክ አሲድ 18 ካርቦን ያለው፣ ውሃ የሚሸሽ ረጅም ጭራና ውሃ የሚወድ ራስ አለው። ጥቂት ሲሆን አንድ አንድ እየሆነ ውሃው ውስጥ ይበተናል። መጠኑ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ግን ጭራዎቹ ወደ ውስጥ፣ ራሶቹ ወደ ውጭ ሆነው ይሰባሰባሉ። ሳሙና ቅባት የሚያነሳው በዚሁ መንገድ ነው። የውሃው ጠባይም ወሳኝ ነው። ፒኤች 9 አካባቢ ሲሆን ቅባቱ በደንብ ይሟሟል፤ ወደ 7 ሲወርድ እንደ አጓት ይደፈርሳል። ካልሲየም የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሳሙናን አረፋ እንደሚነሳው ሁሉ፣ እዚህም ቅባቱን ያረጋዋል።

ኢንዛይሙ የሚይዘው በነጠላ የተበተነውን ነው። የተሰባሰበው እንደተቆለፈ እህል ነው፤ አለ፣ አይገኝም። እናም ባለሙያው “ምግቡ በቂ ነው” ብሎ ቢገምትም ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሪፖርቱ “ኢንዛይሙ ተዳክሟል” ይላል፤ የማሞቅ ሥራው የተሳካ ይመስላል። ዱቄቱ ታሽጎ ከተሸጠ በኋላ ግን ገንፎው ላይ ጠረኑ ይመጣል። ተቃራኒውም ይከሰታል፦ ድፍርሱ ብርሃኑን ስለሚበትን መሣሪያው የሌለ ለውጥ ሊያነብ ይችላል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ኢንዛይሙ አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። በፍሬው ውስጥ ሦስት ዓይነት ሊፖክሲጄኔዝ አለ። አንደኛው ፒኤች 9 አካባቢ፣ ሁለቱ ደግሞ ከ6.5 እስከ 7 ባለው አካባቢ በደንብ ይሠራሉ። ጠረኑን በዋነኛነት የሚያመጣው ሁለተኛው ነው። ውሃው ጥርት ስለሚል ብቻ በ9 መለካት ይመቻል፤ ነገር ግን በተለይ ዝርያዎች ሲወዳደሩ ዋናው ተጠያቂ ሳይለካ ያልፋል። በ7 ሲለካ ደግሞ ድፍርሱ ይመጣል። ቅባቱን ለመበተን ትዊን 20 የተባለ ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር ይጨመራል። እሱም ሲበዛ ቅባቱን በራሱ ስብስብ ውስጥ ይደብቀዋል፤ ስለዚህ በሁሉም ናሙና ላይ መጠኑ እኩል መሆን አለበት።

የወረዳ ግብርና ባለሙያም ሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበር አመራር እንዲህ ያለ ሪፖርት ሲደርሰው ለመጠየቅ ኬሚስት መሆን አይጠበቅበትም። ያልሞቀ ጥሬ ፍሬ አብሮ ተለክቷል? ኢንዛይም ያልገባበት ውሃስ? በስንት ፒኤች? የናሙናው መጠን በግማሽ ሲቀነስ ፍጥነቱም በግማሽ ካልቀነሰ፣ የተለካው ኢንዛይሙ ብቻ ላይሆን ስለሚችል ምርመራው መደገም ይኖርበታል። ድጋሚው ዩኒየኑ ዱቄቱን በከረጢት ሞልቶ ከመላኩ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ውጤቱ እስኪጣራ ድረስ አርሶ አደሩ ፍሬውን በደንብ አድርቆ ሳይፈጭ ማቆየት ይችላል። ለቤት የሚሆነውን ግን ቀቅሎ ወይም አምሶ ማስፈጨት ያስፈልጋል፤ ጥሬው አኩሪ አተር ከጠረኑ ሌላ የፕሮቲን መፈጨትን የሚያውክ፣ በሙቀት የሚከሽፍ ንጥረ ነገርም አለበት።