እንደራሴ ስለ ሕዝብ ይጠይቃል

አንባቢ ሆይ፤ በሲሪንቃ ማሽላውን ዘርቶ ዝናም የሚጠባበቅ ገበሬ የመንግሥት ገንዘብ በምን ሥራ ላይ እንደ ዋለ ለመመርመር አዲስ አበባ ድረስ መውጣት አይችልም። ስለዚህ በእርሱ ፈንታ የሚጠይቅ እንደራሴ መርጦ ይልካል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችን ባለሥልጣኖች ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። በአንቀጽ 54 ደግሞ እንደራሴው በጉባኤው ስለ ሰጠው አስተያየት አይከሰስም ይላል።

በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች ለተቃዋሚ ፓርቲ የደረሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በአዲስ አበባ የተመረጡት የአቶ ግርማ ሰይፉ ነው። አንድ ድምፅ ረቂቅ ሕግን አይጥልም። ምክር ቤቱ ስለ አስፈጻሚው ሥልጣን እንዲወያይ ለማድረግም የአባላቱ አንድ ሦስተኛ መጠየቅ አለበት። ቢሆንም አቶ ግርማ በጀትና ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ ብቻቸውን እየተነሡ ጠየቁ፤ ተቃወሙም። ባለሥልጣኑም በሕዝብ ፊት መልስ መስጠት ግድ ሆነበት። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ግን መቀመጫዎቹ ሁሉ በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ ስለ ተያዙ ያ አንድ ድምፅ እንኳ ታጣ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ እንደራሴህ ወደ ቀዬህ ሲመጡ፣ «ምን ጠየቁልን? ምንስ መለሱልዎ?» በላቸው። እንደራሴ የሚበረታው እርሱም ጠያቂ ሲኖረው ነውና።