የሎሚ ዘመድ በገዳሙ ደን

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው አዲስ ዘመን ሲደርስ፣ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ በሊቦ ከምከም ተራሮች ላይ የሰፈረ ጥቅጥቅ ያለ ደን ያያል። ጣራ ገዳም ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 እስከ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ይህ ደን፣ ዙሪያው እርሻና ግጦሽ ሲሆን በገዳሙ ጥላ ሥር የተረፈ ነው። የደኑ ነገር ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው ወይራው፣ ጽዱና ሰሳው ነው። ከእነርሱ ሥር ተጠጋግቶ የሚበቅለውን ልምጭን ለመፋቂያ ወይም ለከብት መንጃ ካልተፈለገ በቀር የሚያስታውሰው የለም። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ግን ስለ እርሱ ነው፦ ልምጭ በሰሜኑ ደጋ ከሚበቅሉት የዱር ዛፎች መካከል ለሎሚና ለብርቱካን እጅግ የሚቀርበው ዘመድ ነውና እንደ ዘመድ ሊያዝ ይገባዋል።

ዝምድናው በፍሬው አይታይም። የልምጭ ፍሬ ከአተር እምብዛም የማይበልጥ፣ ሲበስል ቀልቶ የሚጠቁር ነገር ነው፤ ሎሚን አያስታውስም። ምስክሩ ቅጠሉ ነው። አንዱን ቅጠል ቆርጦ ወደ ፀሐይ አንጋጦ ለሚያየው፣ በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ ይመስል ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ። እነዚህ የዘይት ከረጢቶች ናቸው፤ በብርቱካን ቅጠልም በሎሚ ልጣጭም ያሉት እነዚሁ ናቸው። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ከረጢቶቹ ይፈነዱና ብርቱ ሽታ ያወጣሉ። ቡና ላይ ጣል የሚደረገው ጤና አዳምም የዚሁ ሰፊ ቤተሰብ አባል ነው፤ እንዲያውም ቤተሰቡ ሩታሲ የሚለውን ሳይንሳዊ መጠሪያ ያገኘው ከጤና አዳም ነው። ልምጭ ግን ከጤና አዳም ይልቅ ወደ ሎሚ ይጠጋል፤ ዕፅዋት ተመራማሪዎች ከነሎሚ፣ ከነትርንጎ ጋር በአንድ ንዑስ ቤተሰብ ይመድቡታል። ሰው መጽሐፍ ገልጦ የሚደርስበትን ይህን ነገር ቢራቢሮ በማሽተት ብቻ ታውቀዋለች። የሎሚ ቅጠል እየበላ የሚያስቸግረው አረንጓዴ ትል፣ ሲነኩት ከራሱ ላይ እንደ ቀንድ ያለ ለስላሳ ነገር አውጥቶ የሚከረፋው፣ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ የምትባል የአፍሪካ ቢራቢሮ ልጅ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው ያገኘችው ዛፍ ላይ ሁሉ አይደለም፤ ሎሚ ላይ፣ ብርቱካን ላይ፣ ልምጭም ላይ ትጥላለች። ሎሚ ወደ አፍሪካ ሳይመጣ በፊት ኑሮዋ እንደ ልምጭ ባሉ የዱር ዘመዶቹ ላይ ነበር።

ሎሚ በእርግጥ መጤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በኔቸር መጽሔት የወጣ የዘረመል ጥናት የሲትረስ (የሎሚ፣ የብርቱካንና የትርንጎ ወገን) መነሻ በሂማላያ ደቡብ ምሥራቅ ግርጌ መሆኑንና የዛሬ 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መበታተን መጀመሩን አሳይቷል። በየገበያው የምናገኛቸው አብዛኞቹ ዓይነቶች የጥቂት ነባር ዝርያዎች ዲቃላ ናቸው። ከነባሮቹ አንዱ ትርንጎ ነው። እኛ የምንጠቀምበት ትንሹ ክብ ሎሚ የትርንጎና ፓፔዳ የሚባል የፊሊፒንስ ዱር ዛፍ ልጅ ነው። ወፍራም ልጣጩ ያስናቀው ትርንጎ፣ ለሎሚ ወላጁ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

ይህ የዘር ነገር ተራ ወሬ ያልሆነበት ምክንያት አለ። የሲትረስ ዛፎች የሚራቡት በአብዛኛው ቅርንጫፍን በሌላ ሥር ላይ በማጣበቅ ስለሆነ፣ በአንድ አገር ያሉ ሚሊዮን ዛፎች የአንድ ዛፍ ቁራጭ እስከመሆን ይደርሳሉ፤ አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ይገድላል። በ1930ዎቹ ትሪስቴዛ የተባለ ቫይረስ በደቡብ አሜሪካ ገብቶ በኮምጣጣ ብርቱካን ሥር ላይ የተጣበቁ ዛፎችን በሚሊዮን ሲያደርቅ የታየው ይኸው ነው። ከመፍትሔዎቹ አንዱ የተገኘው ፍሬው ከማይበላ ዘመድ ነው። ባለ ሦስት ቅጠሉ እሾሃማ የቻይና ዛፍ ቫይረሱን ይቋቋም ነበር፤ ዋልተር ስዊንግል የተባለው አሜሪካዊ ዕፅዋት ተመራማሪ ከ1897 ጀምሮ ከብርቱካን ጋር ካዳቀለው ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብርቱካንን የተሸከሙ ሥሮች ተወልደዋል። ስዊንግል ያን ሥራ ሲጀምር ትሪስቴዛ የሚባል ስም ገና አልወጣም ነበር። የዱር ዘመድ ዋጋው የሚታወቀው ሲያስፈልግ ነው፤ ያኔ ከሌለ ደግሞ አይገዛም።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ያ የቻይና ዛፍ ለብርቱካን የቅርብ ወንድም ነው፤ ልምጭ ግን የሩቅ ዘመድ ስለሆነ ከሎሚ ጋር አበባ ለአበባ አይዳቀልም። ይህ እውነት ነው፤ ከልምጭ ነገ የሚበላ ፍሬ ይገኛል የሚል ካለ ተሳስቷል። የልምጭ ጥቅም ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዛሬ የዓለምን ብርቱካን የሚፈጀው ግሪኒንግ የተባለ በሽታ ነው፤ ባክቴሪያው የዛፉን የምግብ ማመላለሻ ይዘጋና ቅጠሉ ይዥጎረጎራል፣ ፍሬው ሳይበስል ይቀራል፣ ዛፉም ቀስ እያለ ይሞታል። በሽታው የአፍሪካና የእስያ ዓይነት አለው። በ2015 የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች የአፍሪካውን ባክቴሪያ ዘመዶች በአገራቸው የዱር ዛፎች ውስጥ አግኝተዋል፤ ከእነዚህ አንዱ ስሙን ያገኘው ከልምጭ ሳይንሳዊ መጠሪያ ነው። እንዲህ ያለ ዛፍ ሎሚን ከሚያደርቅ ባክቴሪያ ዘመድ ጋር እንዴት አብሮ እንደሚኖር ማወቅ፣ ልምጭን ከሎሚ ጋር ከማዳቀል ያላነሰ ዋጋ ያለው ጥናት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚሁ ይወለዳል፦ በሽታና ነፍሳት የሚያስጠልል ከሆነ ለምን አይመነጠርም? የአፍሪካውን ግሪኒንግ የምታስተላልፈው ትንሽ ዘላይ ነፍሳት በሳይንሳዊ ስሟ የኤርትራን ስም የያዘች ናት። ልምጭ ከነባር መኖሪያዎቿ አንዱ ነው፤ እንደ ደቡብ ጎንደር ያለ ቀዝቃዛ ደጋም ይስማማታል። የሎሚ ቅጠል በአንድ ወገን ሰርጎድ ሰርጎድ፣ በሌላው ወገን ጉብ ጉብ ብሎ ከታየ የእርሷ ልጆች ተጣብቀው ሲመጥጡት የነበረ ነው። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ መደምደሚያው ግን ትክክል አይደለም። ነፍሳቷ አሁን በየጓሮው ሎሚ ላይ ትኖራለች፤ ልምጩ ቢመነጠር ሎሚው ብቻ ይቀርላታል። ደግሞም በዱሩ ዛፍ ላይ የምትኖረው ብቻዋን አይደለም፤ ልጆቿን የሚፈጁ ጥቃቅን ተርቦች አብረዋት አሉ። ከአፍሪካ የተወሰደው ታማሪክሲያ ድራይ የሚባለው ተርብ በሬዩንዮን ደሴት ተለቅቆ ነፍሳቷን አጥፍቷል፤ ከ2018 ጀምሮም በስፔን ካናሪ ደሴቶች ተለቅቋል። ሌሎች ከአህጉራችን የሚወስዱትን ረዳት እኛ ከነመጠለያው ብንቆርጠው ጥፋቱ የራሳችን ነው። በትግራይና በሰሜን ወሎ ተገኝቶ በ2010 የታወቀው ግሪኒንግ ደግሞ የእስያው ዓይነት ነበር። ይህ የአገራችን ዱር ዛፍ ዕዳ አይደለም፤ ከልምጭ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው ምንጩ ሳይታወቅ ከቦታ ቦታ የሚዞር ችግኝ ነው።

ልምጭ የትም አለ፣ አይጠፋም የሚልም አይታጣም። ዝርያው በአፍሪካ ሰፊ ስፍራ መኖሩ አይካድም። ሆኖም ዝርያ መትረፉና የአንድ አገር ዘር መትረፉ ለየብቻ ናቸው፤ በሰሜኑ ደጋ ብርድና ረጅም በጋ የተፈተነው ልምጭ የቀረው በአብዛኛው እንደ ጣራ ገዳም ባሉ ቁራጭ ደኖች ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች መዝግበዋል። ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ ትላልቁ ዛፍ ቆሞ ሲታይ ከሥሩ ተተኪ ችግኝ እንደሚጠፋም አሳይተዋል። በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የተሠራው የድንጋይ ካብ ከዚህ መረዳት የመጣ ነው።

ስለዚህ የደብረ ታቦርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የግብርና ተማሪዎች ስለ ሎሚ በሽታ ሲማሩ፣ ወደ ጣራ ገዳም ወጥተው ልምጩን፣ ነፍሳቷንና ተርቡን በአንድ ቅጠል ላይ ይዩ። መፋቂያ የሚቆርጥም ሰው ከጎን ቅርንጫፉ ይቁረጥ፤ ሥሩን አይንቀለው።