ቀጥቃጭ ቤት፦ ምድጃ፣ ወናፍና መስፍ

ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ቀጥቃጭ ግን ብረቱ እንዲቀልጥ አይፈልግም፤ የሚሠራው ጠጣርነቱን ሳይለቅ እንደ ሰም ሲለሰልስ ነው። የኢትዮጵያ ባህላዊ ቀጥቃጭ ቤት ዕቃዎች ሁሉ የተሰናዱት ለዚህች አጭር ጊዜ ነው።

ምድጃው መሬት ላይ የተማሰ፣ ከሰል የሚሞላበት ጉድጓድ ነው። ሙቀቱን የሚወስነው ወናፉ ነው። ወናፍ ከፍየል ቆዳ የተሰፉ ሁለት ከረጢቶች ሲሆኑ፣ አፋቸው በእንጨት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ነፊው አንዱን ከፍቶ አየር ሲያስገባ ሌላውን ዘግቶ ይጫነዋል፤ እንዲህ እያፈራረቀ ነፋሱን ሳያቋርጥ በሸክላ ቱቦ ወደ ፍሙ ይልካል። ሥራው ብዙ ጊዜ ለልጅ ወይም ለረዳት ቢሰጥም ንቀት አይገባውም፤ ነፋሱ ከላላ ብረቱ አይለሰልስም፣ ከበዛ ይቃጠላል።

የሙቀቱ መለኪያ የቀጥቃጩ ዓይን ነው። ደብዛዛ ቀይ ብረት ለመዶሻ ገና ነው፤ ብርቱካናማና ቢጫ ሲሆን ይታዘዛል፤ ነጭ ሆኖ ብልጭታ ሲረጭ ግን ተበላሽቷል። የቤቱ ውስጥ ጨለምለም ማለቱ ለዚህ ይጠቅማል፤ በጠራራ ፀሐይ ቀለሙ ያታልላል።

የጋለው ብረት በጉጠት ተይዞ መስፍ ላይ ይቀመጣል። መስፉ ድፍን ብረት ወይም ጠንካራ ድንጋይ ነው። ብረቱ በመዶሻ ሲመታ ይረዝማል፣ ይሳሳል ወይም ይታጠፋል፤ በመሮም ይቆረጣል። ከቀዘቀዘ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ወደ ምድጃው ይመለሳል። ሁለት ብረት ማጣበቅ ሲያስፈልግ ሁለቱም እጅግ እስኪግሉ ተጠብቆ በፍጥነት ይቀጠቀጣሉ።

ስለት ላለው መሣሪያ ቅርጽ ብቻ አይበቃም። በቂ ካርቦን ያለው ብረት ደማቅ ቀይ ሆኖ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ ነገር ግን ይሰባበራል። ስለዚህ እንደገና በመጠኑ ይሞቃል። ካርቦኑ እጅግ አነስተኛ ከሆነ ግን ቢነክሩትም ብዙ ለውጥ አያመጣም። የመኪና ባሌስትራ ለቢላዋና ለመጥረቢያ የሚፈለገው ካርቦኑ ስለማያንስ ነው።

የገበሬው ማረሻና ወገል፣ ማጭዱና ዶማው ሁሉ ከዚህ ቤት ይወጣሉ። ይህ ሆኖ ሳለ ቀጥቃጩ «ቡዳ» እየተባለ ሲገለል ኖሯል፤ በጎንደር አካባቢ በዚህ ሙያ የታወቁት ቤተ እስራኤላውያንም ስሙ አልቀረላቸውም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል።

ቀድሞ ብረቱ ከማዕድን አፈር እየነጠረ ይገኝ ነበር፤ ከውጭ የገባ ብረት ይህን ሥራ አስቀርቷል። ዛሬ ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ውዳቂ ብረት ሲሆን፣ በመርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜልና የቤት ግንባታ ብረት በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ምድጃና መጥበሻ ይሆናል።