ስለ ሸክላ ዘፈን የግል አሳታሚዎች

በደመወዝ ሰሞን ወደ ሙዚቃ ቤት ጎራ ብለው አዲስ የወጣ የዘፈን አልበም ሲገዙ፥ ወይም እንደ ዛሬው ልማድ በስልክዎ ሲያዳምጡ፥ ዋጋው የማን ድካም መልስ እንደ ሆነ አስበውት ያውቁ ይሆን? ዘፋኙን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ ስሙና ፎቶግራፉም በሽፋኑ ላይ ይታያል። ገንዘቡን አውጥቶ፥ ኪሳራውን በራሱ ላይ ቆጥሮ፥ ዘፈኑ ከሕዝብ ጆሮ እንዲደርስ ያደረገው አሳታሚ ግን ብዙ ጊዜ አይታወስም። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ሰው ነው።

የግል አሳታሚ ማለት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ሳይቆረጥለት፥ ከታላላቅ የውጭ አገር ኩባንያዎችም ገንዘብ ሳይጠብቅ፥ በገዛ ገንዘቡና በገዛ ምርጫው ዘፈን አስቀድቶ የሚሸጥ ሰው ማለት ነው። የዚህን ሥራ ጥቅምና አደጋ ለመረዳት ከአዲስ አበባ ከተማ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በወጣ ዐዋጅ መሠረት ሸክላ ከውጭ አገር የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፥ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በስተቀር፥ በዚሁ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።) በዚያ ዘመን ሙዚቀኞቹ በአብዛኛው የመንግሥት ደመወዝተኞች ነበሩ። ክቡር ዘበኛ፥ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ ሠራዊት እንዲሁም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር እያንዳንዳቸው የራሳቸው የሙዚቃ ክፍል ነበራቸው። በ1960ዎቹ ዓመታት አዲሱ ዘፈን በየቴአትር ቤቱና በየምሽት ክበቡ ደምቆ ሲሰማ፥ በሸክላ ተቀርጾ የሚቀረው ግን እጅግ ጥቂት ነበር። በመድረክ የተዘፈነው ከመድረኩ ጋር ያልፍ ነበር ማለት ነው።

በ1969 ዓ.ም. የውጭ አገር ሸክላ ይሸጥ የነበረ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀድቶ ለገበያ አቀረበ። ዐዋጁ ገና አልተሻረም ነበርና ይህ እርምጃ ከኪሳራም በላይ ቅጣት ሊያስከትል ይችል ነበር። ሆኖም ሕዝቡ ሸክላውን በደስታ ስለ ተቀበለው ሥራው ሳይቋረጥ ቀጠለ። እስከ 1975 ዓ.ም. ድረስ አምሃ ሪከርድስ ወደ 100 የሚጠጉ ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል አልበሞች አወጣ። በ1974 ዓ.ም. የታተመው «የካቲት» የተባለው የሙላቱ አስታጥቄ አልበም ከእነዚህ አንዱ ነው።

ሥራው የሚከናወነው እንዲህ ነበር። ዘፋኙና ተጫዋቾቹ በአንድነት ሆነው ድምፁ በቴፕ ክር ይቀዳል። በአገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ፋብሪካ ስላልነበረ ክሩ በመጀመሪያ ወደ ሕንድ፥ በኋላም ወደ ሊባኖስ ይላክ ነበር። በዚያም ድምፁ በሰሌዳ ላይ ይቀረጽና ከሰሌዳው የብረት ማኅተም ይወጣለታል፤ በማኅተሙም የጋለው ፕላስቲክ እየተጨመቀ ብዙ ቅጂ ይታተማል። ከዚያ በኋላ ዕቃው ተጭኖ፥ ቀረጥ ተከፍሎበት አዲስ አበባ ይገባል። እንግዲህ አሳታሚው አንድ ሳንቲም እንኳ ከመሰብሰቡ በፊት ለዘፋኙ፥ ለተጫዋቾቹ፥ ለፋብሪካውና ለማጓጓዣው መክፈል ነበረበት።

ትንሹ ሸክላ አስቀድሞ የሚወጣበትም ምክንያት ይኸው ነው። በትንሹ ሸክላ ላይ በአንዱ ገጽ አንድ፥ በሌላው ገጽ አንድ፥ በጠቅላላው ሁለት ዘፈን ብቻ ይገኛል። ወጪው ያነሰ ስለሆነ ባይሸጥ እንኳ ጉዳቱ አሳታሚውን ከሥራ አያስወጣውም። የተወደደው ዘፈን ያስገኘው ትርፍ ለሚቀጥለው ማስቀጃ ይውላል፤ ብዙዎቹም ዘፈኖች በኋላ በአልበም ይሰበሰባሉ።

አንዱ በር ከከፈተ ሌላው መከተሉ አይቀርም። ዓሊ አብደላ ኬይፋ ያቋቋመው የኬይፋ ሸክላ ቤት በ1975 ዓ.ም. የማሕሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» አሳተመ። ይኸው ሥራ በ1986 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር ዳግመኛ ታትሞ የአውሮጳን አድማጭ አስደነቀ።

ነገር ግን የግል አሳታሚ በራሱ አቅም የሚቆም እንደ መሆኑ፥ የዘመን ነፋስ ሲነሣ ፈጥኖ ይነካዋል። ከ1974 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በሰዓት እላፊ ምክንያት የምሽቱ ሙዚቃ ተዳከመ፤ አቶ አምሃም በ1975 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ሸክላውም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። ካሴት ርካሽና ለሁሉ የሚደርስ በመሆኑ ጥቅም ነበረው፤ ዳሩ ግን ሁለት መቅረጫ ያለው ሁሉ ሊያባዛው ስለሚችል የአሳታሚውንና የዘፋኙን ዋጋ በላ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም የዚያን ዘመን ዘፈኖች ለዓለም ማሰማት ሲጀምር፥ መሠረት የሆኑት እነዚሁ ሸክላዎች ናቸው። በ1969 ዓ.ም. ያ ወጣት ነጋዴ ፈርቶ ቢቀር ኖሮ ዛሬ የምንኮራበት ድምፅ በአብዛኛው ከሰሚዎቹ ጋር ባለፈ ነበር። አቶ አምሃ በ2021 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ሥራቸው ግን ይሰማል።

ዛሬ ወጣቶች በአንድ ክፍል ውስጥ በኮምፒዩተር አልበም ያዘጋጃሉ። ቀረጥና የመርከብ ጭነት ቀርቷል፤ የማባዛቱ ችግር ግን ከካሴቱ ዘመን ይልቅ ቀሏል፥ በዝቷልም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው፥ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁ መብት ሰጥቷል። ይሁንና እርስዎ የቢሮ ሰው ነዎትና እንደሚያውቁት፥ የፈጻሚ ፈቃድ የሌለበት ሕግ በመዝገብ ቤት የተቀመጠ ወረቀት ነው። የዚህ ሕግ ፈጻሚ ዳኛው ብቻ ሳይሆን ገዢውም ጭምር ነው።

ስለዚህ አዲስ አልበም በወጣ ጊዜ ከታወቀው ስም ጎን ያልታወቀውንም ያድምጡ። ከወደዱት ከባለቤቱ ይግዙ፤ ለወዳጅዎም ቅጂውን ሳይሆን የሚገኝበትን ቦታ ያመልክቱ። በሽፋኑ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን የአቀናባሪውን፥ የተጫዋቾቹንና የአሳታሚውን ስም ያንብቡ። በደመወዝ የሚኖር ሰው የድካም ዋጋ በወቅቱ አለመከፈሉ ምን እንደሚያስከትል ከማንም ይልቅ ያውቃልና፥ ይህን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልግም።