የምድር ቤት ርጥበት፤ ምክንያቱና መከላከያው

ነጋዴ ዕቃውን፣ ሹም መዝገቡን በምድር ቤት ሲያኖር ስፍራው ቀዝቃዛና ከሌባ የተጠበቀ መሆኑን ይመለከታል እንጂ ርጥበት በዝግታ የሚያደርሰውን ጥፋት አስቀድሞ አያስብም። ክረምቱ ሲያልፍ ግን የቡናው ጆንያ ሻግቶ፣ ቆዳው ሸትቶ፣ የመዝገቡ ወረቀት ተጣብቆ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ግንበኛ ጠርቶ ግድግዳውን በሲሚንቶ ያስለስናል፤ ብዙ ሳይቈይም ልስኑ ይረግፋል። ይህም የሚሆነው ውሃው ከወዴት እንደ መጣ ሳይመረመር ስለ ተሠራ ነው።

የሚያፈስ ቧንቧ ካልሆነ በቀር የርጥበቱ ምንጭ ከሦስቱ አንዱ ነው።

አንደኛው በግድግዳው ሥር የሚጠራቀመው የዝናም ውሃ ነው። በአሥመራ ዝናም በብዛት የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። 10 ሚሊሜትር ዝናም ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1,000 ሊትር ውሃ ይሆናል። አሸንዳው የተቀደደ ወይም በቅጠል የተደፈነ እንደ ሆነ ይህ ሁሉ ውሃ በመሠረቱ አጠገብ ይፈስሳል። መድኃኒቱም አሸንዳን ከክረምት በፊት መጥረግ፣ የውሃውን መውረጃ ከቤቱ ማራቅ፣ በግድግዳው ዙሪያ ያለውንም መሬት በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ 15 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ አድርጎ መደልደል ነው።

ሁለተኛው ከመሬት ወደ ላይ የሚሳበው ውሃ ነው። የመብራት ክር ዘይት እንደሚስብ ሁሉ ድንጋይና ጡብም ውሃ ይስባሉ። ኮራል ከተባለው የባሕር ድንጋይ በተሠሩት በምፅዋ አሮጌ ቤቶች ደግሞ ውሃው ጨው ይዞ ይወጣል፤ ሲደርቅም ጨው በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ጠጥሮ ልስኑን ይፈነቅላል። እንዲህ ባለው ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ርጥበቱን በውስጥ ያፍነዋል፤ የኖራ ልስን ግን እንዲተንን ያደርገዋል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በመሠረቱና በግድግዳው መካከል ውሃ የማያሳልፍ የሬንጅ ንጣፍ ቢያኖር ከዚህ ችግር ይድናል።

ሦስተኛው አየር ይዞት የሚገባው ነው። ሞቃትና ርጥብ አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ላብ እንደሚያወጣ፣ ግድግዳው ላብ ያወጣል። ስለዚህ በርጥብ ወራት መስኮትን በቀትር መክፈት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ አየሩ በቀዘቀዘበት በሌሊት ወይም በማለዳ ማናፈስ ይገባል።

ምንጩን ለመለየት በግድግዳው ላይ በየጐኑ ግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዳር ዳሩን አጣብቆ ሁለት ቀን ማቈየት ነው። ውሃው በላስቲኩ ፊት ከታየ ከአየር የመጣ ነው፤ በስተጀርባው ከታየ ግን ከግድግዳው የወጣ ነው።

ጥገናው እስኪፈጸም ድረስ ዕቃው በሳንቃ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይደርደር። ለመጋዘን ወይም ለመዝገብ ቤት የሚሆን ምድር ቤት የሚከራይ ሰውም ውሉን ከመፈረሙ በፊት አሸንዳውንና የግድግዳውን ሥር ይመልከት። አሸንዳ የሚጠርግ ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ከአንድ ጆንያ ቡና ዋጋ እጅግ ያነሰ ነውና፣ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሻላል።