የአለርጂ አስም ሕክምና ፍተሻ

የአለርጂ አስም ሕክምና ፍተሻ መድኃኒቱ የታማሚውን ሩጫና እንቅልፍ ምን ያህል እንዳሻሻለ የሚለካበት ዘዴ ነው። የአለርጂ አስም በአበባ ዱቄት፣ በአቧራ ወይም በእንስሳት ፀጉር ይነሣል፤ በቀዝቃዛ አየር ሲሮጡም የአየር ቧንቧ ሊጠብ ይችላል።

ታማሚው በሐኪም ፊት ከ6 እስከ 8 ደቂቃ በፍጥነት ይሮጣል። በመጀመሪያው ሴኮንድ በኃይል የሚያስወጣው አየር ከሩጫው በፊት ከነበረው በ10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ ቧንቧው ጠብቧል ማለት ነው። ከሳምንታት ሕክምና በኋላ ሩጫው ይደገማል። አስም ከእንቅልፍ የቀሰቀሰው ሌሊትም ይቆጠራል፤ ቀን ደኅና ሆኖ ሌሊት በሳል የሚነቃ ሰው አስሙ ገና በቁጥጥር ሥር አልዋለም።

ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው እንጦጦ የአዲስ አበባ ሯጮች በማለዳ ብርድ ይለማመዳሉ። በዚያ ከተለማመዱት አንዱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አስም ስላለበት፣ በ2000 ዓ.ም. የቤጂንግን ኦሊምፒክ ማራቶን በአየር ብክለት ሥጋት ትቶ በ10,000 ሜትር 6ኛ ወጥቷል።