የሕይወት መድን ለማን ያስፈልጋል?

በአትባራና በሰቲት ወንዞች አጠገብ ባለው በፋሽጋ ምድር ሰሊጥና ማሽላ የሚያመርት ገበሬ፣ ለዘርና ለሠራተኛ ደመወዝ ብዙ ጊዜ ተበድሮ ክረምቱን ይጀምራል። አዝመራው ሳይሰበሰብ ቢሞት ዕዳው ከውርሱ ላይ ይከፈላል። ዕድርም ለቀብርና ለሐዘን ሰሞን ይረዳል እንጂ ልጆችን ለዓመታት አያሳድግም።

ስለዚህ የሕይወት መድን ለመግባት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ይመርምር፤ ይኸውም በእርሱ ድካም የሚኖሩት ስንት ናቸው? ዕዳውስ ምን ያህል ነው? ከብቱና ቁጠባው ያለ እርሱ ቤተ ሰቡን እስከ መቼ ይመግባሉ? የሚጦረው ወይም የሚያሳድገው ሰው የሌለው፣ ሀብቱም ለወራሾቹ የሚበቃ ሰው፣ ገንዘቡን በሬ ቢገዛበት ይሻለዋል።

መድን የሚያስፈልገው ሰው በ1968 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ወይም ወደ ግል ኩባንያዎች መሄድ ይችላል። ነገር ግን ውሉን ሳያነብ አይፈርም። በጦርነት ለሚደርስ ሞት የማይከፍሉ ውሎች ብዙ ናቸው፤ በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር በገባ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች አዝመራቸውን ጥለው ከተፈናቀሉበት አገር የመጣ ሰው ይህን አንቀጽ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። ገንዘብ የሚያገኘው በመከር ብቻ ከሆነም፣ አረቦኑን በዓመት አንድ ጊዜ ለመክፈል ቢዋዋል ይበጀዋል።